«ጸደቀ» ሲባል ምን ጸደቀ? በዓለም ዙሪያ የተለወጡ የኤልጂቢቲ ሕጎችን ሳይሳሳቱ ለማንበብ

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 የጋና ፓርላማ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና በሚደግፏቸው ሰዎች ላይ እስራት የሚጥል ረቂቅ ሕግ አሳለፈ። በዚያው ምሽት «ጋና ሕጉን አጸደቀች» የሚለው ዜና ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የተከታተለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ፕሬዚዳንት ናና አኩፎ-አዶ ረቂቁን ሳይፈርሙበት ያዙት። ዲሴምበር 18 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በረቂቁ ላይ የቀረቡትን አቤቱታዎች ውድቅ አደረገ፤ ያልተፈረመበት ወረቀት ገና ሕግ ስላልሆነ የሚሻር ነገር የለም አለ። ስለ ረቂቁ ይዘት አንድም ነገር አልፈረደም። ጃንዋሪ 2025 የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ ረቂቁም አብሮ ወደቀ። አቅራቢዎቹ በአዲሱ ምክር ቤት እንደገና ከሀ መጀመር ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት ጀመሩም።

ይህን የሰማ ደግሞ «እንግዲያው ጋና ውስጥ ክልከላ የለም» ብሎ ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳል። እሱም ስሕተት ነው። በ1960ው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 104 «ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ» የሚለው ግንኙነት እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ጁላይ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም ብሎ አጽንቶታል። አዲሱ ረቂቅ ሲወድቅ አሮጌው ሕግ ባለበት ቆሟል ማለት ነው።

እነዚህ ሕጎች አንድ ሰው ይታሰር አይታሰር፣ የትዳር ጓደኛው ሲሞት ከቤቱ ይውጣ አይውጣ፣ ያሳደገው ልጅ የእሱ ይባል አይባል የሚወስኑ ናቸው። ግማሽ ዜና ይዞ መሄድ አንዱን ያለ ጥንቃቄ አደጋ ውስጥ ይከታል፣ ሌላውን ያለ ምክንያት እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሄድበት መንገድ «የትኛው አገር ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ» የሚል አይደለም። እያንዳንዱ ለውጥ በየትኛው በር እንደገባና ምን ምን እንደነካ ነው የማሳየው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ የማነሣውም እስከ 2025 መጨረሻ ያለውን ነው።

አንድ ረቂቅ ሕግ የሚባለው በሮቹን ሁሉ ሲያልፍ ነው። ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ሁለት ምክር ቤት ባለበት አገር ሁለተኛውም ይቀበለዋል፤ ርእሰ ብሔሩ ይፈርምበታል፤ በይፋዊው የሕግ ጋዜጣ ይታተማል፤ ከዚያም ሕጉ ራሱ የቆረጠው ቀን ሲደርስ ሥራ ላይ ይውላል። ታይላንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የታችኛው ምክር ቤት ማርች 27 ቀን 2024 የጋብቻ እኩልነት ረቂቁን በ400 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ አሳለፈ። ሴኔቱ ጁን 18 ቀን በ130 ለ4 ተቀበለው። የንጉሡን ፊርማ አግኝቶ በጋዜጣ የወጣው ሴፕቴምበር 24 ቀን ነው። ሕጉ ከወጣ ከ120 ቀን በኋላ ይጸናል ስለሚል ጥንዶች መዝገብ ቤት ቀርበው መፈረም የጀመሩት ጃንዋሪ 23 ቀን 2025 ነበር፤ በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከ1800 በላይ ጥንዶች ተመዘገቡ። ከመጀመሪያው ዜና እስከ መጀመሪያው ጋብቻ 10 ወር ገደማ ፈጅቷል። በማርች ዜናውን ሰምቶ በኤፕሪል መዝገብ ቤት የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

የተለወጠው ቃል ራሱ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የታይላንድ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ አንቀጽ 1448 ጋብቻን «በወንድና በሴት» መካከል የሚፈጸም ያደርገው ነበር፤ አሁን «በሁለት ሰዎች» መካከል ይላል። «ባልና ሚስት» የሚለው «የትዳር ጓደኛሞች» ሆነ። የጋብቻ ዕድሜው ከ17 ወደ 18 ከፍ አለ። በእነዚህ ጥቂት ቃላት ምክንያት ውርስ፣ የጋራ ንብረት፣ በጋራ ጉዲፈቻ መውሰድ፣ ለታመመ የትዳር ጓደኛ ሕክምና ፈቃድ መስጠት ሁሉ አብረው መጡ፤ እነዚህ መብቶች ድሮውንም ከዚያ አንቀጽ ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩና። ግን «አባትና እናት» የሚለውን «ወላጆች» በሚል እንዲተካ የቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም። በመዝገብ ላይ የተጻፈን ጾታ ስለመቀየር የቀረበውን ሌላ ረቂቅም ያው ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2024 ውድቅ አድርጎታል። ስለዚህ በታይላንድ አንዲት ትራንስጀንደር ሴት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ማግባት ትችላለች፤ በመታወቂያዋ ላይ ያለው «አቶ» ግን ይከተላታል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ኤልጂቢቲ የሚለው ምህጻር ሌዝቢያን (ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች)፣ ጌይ (ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች)፣ ባይሴክሹዋል (ሁለቱንም የሚያፈቅሩ) እና ትራንስጀንደር (ጾታቸው ሲወለዱ ከተመዘገበው የሚለይ) ሰዎችን በአንድ ጥላ ሥር ያደርጋል፤ ሕግ ግን እንዲህ አይሰበስባቸውም። ወንጀለኛ መቅጫው ስለ ድርጊት ይናገራል፤ የቤተሰብ ሕጉ ስለ ውል፤ የክብር መዝገብ ሕጉ ስለ ሰነድ፤ የሥራ ሕጉ ስለ አድልዎ። አንዱ ሲከፈት ሌላው ሊዘጋ ይችላል።

በወንጀል እንጀምር። በዓለም ላይ ከ60 በላይ አገሮች በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረግን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት አሁንም በወንጀል ይቀጣሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አንቀጹን የወረሱት ከብሪታንያ ቅኝ አገዛዝ ነው። እናቲቱ በ1860 ለሕንድ የተጻፈው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377 ናት፤ ከዚያ ተገልብጣ ወደ ሲንጋፖር፣ ወደ ማሌዢያ፣ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሄደች። ሕንድ ራሷ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2018 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአዋቂዎች ፈቃድ የሚሆነውን ክፍል ከወንጀልነት አወጣችው። ፈረንሳይ ግን በ1791 ይህን ወንጀል ከሕጓ ስለሰረዘች በቅኝ የያዘቻቸው አብዛኞቹ አገሮች እንዲህ ዓይነት አንቀጽ አልወረሱም። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ስለ ማሊና ስለ ቡርኪና ፋሶ ሲነገር ነው።

አሮጌው ወንጀል የሚሰረዝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በአዲስ የወንጀል ሕግ ነው፦ ሞዛምቢክ በ2015፣ አንጎላ በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ሕጋቸው ውስጥ የፖርቱጋል ዘመኑን «ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ምግባር» ሳይጽፉት ዘለሉት። ጫጫታ የለውም፤ አንቀጹ እንዳልነበረ ይሆናል። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው። የቦትስዋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጁን 11 ቀን 2019 አንቀጾቹን ሻረ፤ መንግሥት ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ኖቬምበር 29 ቀን 2021 ይግባኙን ውድቅ አደረገው። ሞሪሺየስ ኦክቶበር 4 ቀን 2023 ከ1838 ጀምሮ የቆየውን አንቀጽ 250 በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በኩል በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ በሚደረግ ግንኙነት ላይ እንዳይሠራ አደረገች። ናሚቢያ ጁን 21 ቀን 2024 ተከተለች። በካሪቢያን አንቲጓና ባርቡዳ፣ ሴንት ኪትስና ኔቪስ፣ ባርቤዶስ ሦስቱም በ2022፣ ዶሚኒካ በኤፕሪል 2024፣ ሴንት ሉሲያ በጁላይ 2025 በየፍርድ ቤቶቻቸው ሻሩት።

የፍርድ ቤቱ መንገድ ፈጣን ነው፤ የራሱ አደጋ ግን አለው፤ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ያስተማሩትም ይህንን ነው። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አንቀጾቹን ሻረ። ሰዉ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ሰባት ዓመት ኖረ። ማርች 25 ቀን 2025 ይግባኝ ሰሚው ያንን ውሳኔ ገለበጠውና ወንጀሉ ተመለሰ። ምክንያቱ በብዙ የካሪቢያን ሕገ መንግሥቶች ውስጥ ያለ አንድ ድንጋጌ ነው፤ ከነጻነት በፊት የነበሩ ሕጎች ከመብት ድንጋጌዎች ጋር ቢጋጩም እንኳ ፍርድ ቤት እንዳይሽራቸው ከለላ ይሰጣል። ያን ከለላ ማንሣት የሚችለው ፓርላማው ነው። መጨረሻው የሚታየውም የአንዳንድ የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ በሆነው፣ ለንደን ባለው ፕሪቪ ካውንስል ነው። እንግዲህ የአንድን አገር የፍርድ ቤት ድል ሲሰሙ መጠየቅ ያለበት «ከዚህ በላይ ይግባኝ አለ ወይ?» ነው። ካለና ጊዜው ካላለፈ፣ ነገሩ አልተዘጋም።

ሲንጋፖር ሌላ መልክ አሳይታለች። በወንዶች መካከል የሚደረግን ግንኙነት ይቀጣ የነበረውን አንቀጽ 377ኤን ፓርላማዋ ኖቬምበር 2022 ሰርዞ በጃንዋሪ 2023 ሥራ ላይ አዋለው። በዚያው ስብሰባ ግን ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የጋብቻ ትርጉም በፍርድ ቤት እንዳይሞገት፣ በፓርላማ ብቻ እንዲወሰን አጠረበት። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው በሩን መቆለፍ ነው፤ የሰረዙትን ብቻ የዘገቡት ዜናዎች ሁለተኛውን ግማሽ ውጠውታል።

ወደ ሌላው አቅጣጫ፣ ወደ ማጥበቁ እንምጣ። የኡጋንዳ የ2023 ሕግ በብዙዎች ዘንድ ተዛብቶ የሚነገር ስለሆነ ቀረብ ብዬ ላየው እወዳለሁ። ፓርላማው ማርች 21 ቀን 2023 የመጀመሪያውን ቅጂ አሳለፈ። በዚያ ቅጂ ውስጥ ራስን የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነኝ ማለት ብቻውን ወንጀል ነበር። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ረቂቁን መለሱት፤ ማንነትና ድርጊት ይለዩ አሉ። ሜይ 2 ቀን ሁለተኛው ቅጂ አለፈ፤ ማንነትን የሚቀጣው ተሰረዘ። ሜይ 26 ቀን ተፈረመ። ዛሬም ድረስ በማርቹ ቅጂ የተጻፉ ማብራሪያዎች በየቦታው ይሽከረከራሉ።

በተፈረመው ሕግ ድርጊቱ ዕድሜ ልክ እስራት ያስከትላል፤ ሙከራው እስከ 10 ዓመት። «የከበደ» የሚባለው ወንጀል በሞት ያስቀጣል። እዚህ ውስጥ ከሕፃን ጋር የሚፈጸመው ብቻ አይደለም ያለው፤ ከ75 ዓመት በላይ ከሆነ ሰው ጋር ወይም ከአካል ጉዳተኛ ጋር የሚደረገው፣ ከዚህ በፊት በዚሁ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የሚደግመውም ገብቷል፤ ሁለቱ ሰዎች መፈቃቀዳቸው አያድናቸውም። «ማስፋፋት» የሚለው እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል፤ ይህ ነው ለድርጅቶች፣ ለጋዜጠኞችና ለጤና ባለሙያዎች የከበደው፣ ምክንያቱም ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ከሕጉ ላይ አይታይም። የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ሳይቀር ሊገባበት ይችላል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 3 ቀን 2024 በአምስት ዳኞች ሙሉ ስምምነት አብዛኛውን አጸናው። የሻራቸው አራት ቦታዎች ናቸው፦ የሚያውቁትን ሰው ለፖሊስ የመጠቆም ግዴታ፣ ቤትን ለዚህ ድርጊት እንዲውል መፍቀድን የሚመለከቱት ሁለቱ ድንጋጌዎች፣ እና የማይድን በሽታ ማስተላለፍን «የከበደ» የሚያደርገው ንዑስ አንቀጽ። ስለዚህ ከኤፕሪል 2024 በኋላ አንድ ሐኪም በሽተኛውን ካልጠቆመ በዚህ ሕግ አይከሰስም፤ አከራይም ቤት በማከራየቱ አይከሰስም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሕክምና የሚፈራ ሰው ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ወይም እንዳይሄድ ያደርጋል፤ ለዚህ ነው «ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና» በሚለው አንድ መስመር ማለፍ የሚያስከፋኝ።

ከዚያ በፊት የነበረው የኡጋንዳ ሕግ በኦገስት 2014 የወደቀው በይዘቱ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ድምፅ በተሰጠበት ቀን ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተብሎ ነው የተሻረው። በሥነ ሥርዓት ጉድለት የወደቀ ሕግ ጉድለቱ ተሞልቶ ይመለሳል፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተመለሰውም እንዲሁ ነው።

ኢራቅ ኤፕሪል 27 ቀን 2024 የ1988ቱን የሴተኛ አዳሪነት መከላከያ ሕግ አሻሽላ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ማስተዋወቁን ቢያንስ 7 ዓመት፣ ጾታን በሕክምና መቀየርን ከ1 እስከ 3 ዓመት እንዲያስቀጣ አደረገች። የመጀመሪያው ረቂቅ የሞት ቅጣት ነበረበት፤ ከመጽደቁ በፊት ተሰርዟል። ማሊ በ2024 መጨረሻ ባወጣችው አዲስ የወንጀል ሕግ፣ ቡርኪና ፋሶ ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 የሽግግር ምክር ቤቱ ባሳለፈው የሰዎችና የቤተሰብ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንጀል አደረጉት። የቡርኪና ፋሶው ከ2 እስከ 5 ዓመት እስራትና መቀጮ አለው፤ ድምፅ የሰጡት 71ዱም ያልተመረጡ አባላት በአንድ ድምፅ ደግፈውታል። እነዚህ ሁለት አገሮች ከላይ እንዳልኩት ከፈረንሳይ የወረሱት ክልከላ አልነበራቸውም። «የቅኝ ግዛት ቅሪት» የሚለው ማብራሪያ እዚህ አይሠራም፤ አዲስ የተጻፈ ሕግ ነው።

ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ውጭ ደግሞ ሰውን ለድርጊቱ ሳያስሩ አፉን የሚዘጉ ሕጎች ተስፋፍተዋል። መነሻው የሩሲያ የ2013 «የፕሮፓጋንዳ» ሕግ ነው፤ መጀመሪያ ለልጆች ተብሎ ወጣ፤ በዲሴምበር 2022 ለሁሉም ዕድሜ ሆነ፤ በጁላይ 2023 በሰነድም በሕክምናም ጾታን መቀየር ተከለከለ፤ ኖቬምበር 30 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ዓለም አቀፍ የኤልጂቢቲ እንቅስቃሴ» የሚባል ነገር ጽንፈኛ ነው ብሎ ፈረደ። እንዲህ የሚባል የተመዘገበ ድርጅት የለም። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ አባል ማን እንደሆነ የሚለይ ዝርዝር ስለሌለ ቀስተ ደመና ያለበት ጌጥ ያደረገ ሰው ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። ጆርጂያ በሴፕቴምበር 2024 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ሃንጋሪ በማርች 2025 የፕራይድ ሰልፍን፣ ማለትም የኤልጂቢቲ ሰዎችን ዓመታዊ የአደባባይ ሰልፍ፣ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ተሳታፊዎችን በፊት መለያ ካሜራ ለይቶ እስከ 200,000 ፎሪንት መቅጣት ፈቀደች፤ በሚቀጥለው ወር ክልከላውን በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጠናከረችው። ጁን 28 ቀን ግን ቡዳፔስት ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተሰለፈ። ስሎቫኪያ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ሁለት ጾታ ብቻ እንደምታውቅ ጻፈች። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከሌላው ሁሉ የሚከብደው ለመመለስም ከተራ ሕግ የሚበልጥ ያው ልዩ የድምፅ ብዛት ስለሚጠይቅ ነው።

ጋብቻን በተመለከተ ስንት አገር ፈቅዷል የሚለው ቁጥር ከዝርዝር ዝርዝር ይለያያል። ኔዘርላንድስ ኤፕሪል 1 ቀን 2001 ከጀመረች ወዲህ ቁጥሩ ወደ 40 ተጠግቷል። ልዩነቱን የሚያመጣው ለምሳሌ ኔፓል ናት። እዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ በኖቬምበር 2023 የመጀመሪያው ጋብቻ በላምጁንግ ወረዳ ተመዘገበ። የመጨረሻ ፍርድም ሆነ የተሻሻለ የጋብቻ ሕግ ግን ከኋላው የለም። የቆጠራት ይቆጥራታል፣ ያልቆጠራት ይተዋታል። እኔ ብሆን ለብቻዋ በሆነ መስመር አሰፍራታለሁ፤ የተመዘገበ ጥንድ ውርስ ሲጠይቅ የሚገጥመውን ማንም አስቀድሞ ሊነግረው አይችልምና።

ኢስቶኒያ በጃንዋሪ 2024፣ ግሪክ በፌብሩዋሪ 2024፣ ሊክተንስታይን በጃንዋሪ 2025 ገብተዋል። የግሪኩ 176 ለ76 በሆነ ድምፅ ያለፈ ሲሆን ኦርቶዶክስ በሚበዛበት አገር የመጀመሪያው ነው። ጉዲፈቻን ይፈቅዳል፤ በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ ማስወለድን ግን ለወንድ ጥንዶች አልከፈተም። ታይዋን ደግሞ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2017 የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጥቶ፣ በ2018 ሕዝበ ውሳኔ መራጩ የፍትሐ ብሔር ሕጉ እንዳይነካ ስለጠየቀ፣ በሜይ 2019 ለብቻው የቆመ ሕግ አወጣች። ለብቻው የቆመ ሕግ ያልጻፈው ነገር ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል፤ ከሁለቱም ጋር በሥጋ የማይዛመድን ልጅ በጋራ ጉዲፈቻ መውሰድ እስከ 2023 ያልተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀነ ገደብ መስጠት ብቻውን ውጤት አያመጣም። የሆንግ ኮንግ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች አንድ ዓይነት የሕግ እውቅና እንዲዘጋጅ መንግሥትን በሁለት ዓመት አዘዘ። መንግሥት ውጭ አገር ለተጋቡ ብቻ የሚሆን፣ እንደ ሆስፒታል ጉብኝትና የቀብር ጉዳይ ባሉ ጥቂት መብቶች የተወሰነ ረቂቅ አቀረበ፤ ምክር ቤቱ እሱንም ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 በ71 ተቃውሞና በ14 ድጋፍ ጣለው። በጃፓን አምስት ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ከማርች 2024 እስከ ማርች 2025 በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ላይ ያለው ክልከላ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አሉ፤ በኖቬምበር 2025 አንድ የቶኪዮ ችሎት በተቃራኒው ፈረደ። ከእነዚህ ውሳኔዎች አንዱም ጥንዶችን መዝገብ ቤት አላስገባም፤ የመጨረሻው ቃል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱና የፓርላማው ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ኦክቶበር 17 ቀን 2023 ጋብቻ የፓርላማ ሥራ ነው ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ጾታን በሰነድ ላይ ስለመቀየር ሲነሣ የጀርመኑ ሕግ ከሁሉ የተብራራ ስለሆነ እሱን ልውሰድ። ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ሥራ ላይ ዋለ፤ በፊት የነበረው የ1980 ሕግ በፍርድ ቤት ፊት ሁለት የባለሙያ ማስረጃ ይጠይቅ ነበር። አሁን ሰውየው መጀመሪያ ለክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ሐሳቡን በቃል ወይም በጽሑፍ ያሳውቃል። ከዚያ ሦስት ወር ይጠብቃል። ሦስቱ ወር ሲሞላ ራሱ በአካል ቀርቦ መግለጫውን ይፈርማል። ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ማሳወቂያው ዋጋ ያጣል፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው፤ ቀጠሮ የሚያዝበት መስኮት ሦስት ወር ብቻ ነውና። የሚመረጡት አራት ናቸው፦ ወንድ፣ ሴት፣ «ዲቨርስ» (ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ምዝገባ) ወይም ባዶ መተው። አንዴ ከተፈረመ በኋላ ለአንድ ዓመት ሌላ ለውጥ አይቻልም። ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ወላጆቹ ያቀርባሉ፤ ከ14 እስከ 17 ያለው ራሱ ያቀርባል፣ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ወላጅ ከከለከለ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ይመለከተዋል። የውጭ ዜጋም በቂ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ይካተታል፤ ግን የጀርመን መዝገብ የተለወጠለት ሰው የትውልድ አገሩ ፓስፖርት በዚያ ምክንያት አይለወጥም። ሕጉ ስለ ሆርሞንም ሆነ ስለ ቀዶ ሕክምና አንድ ቃል የለውም፤ ያ በሕክምና መመሪያ የሚገዛ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ በየክርክሩ የማየው ትልቁ ስሕተት ነው።

በብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 16 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ የፈረደው ስለ አንድ ሕግ ነው፦ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» ማለት በትውልድ ጾታዋ ሴት የሆነች ነች አለ። የ2004ቱን የጾታ እውቅና ሕግ አልሻረም፤ የምስክር ወረቀቱ አሁንም ይሰጣል። ትራንስጀንደር ሰዎች ጾታ በመቀየራቸው አድልዎ እንዳይደርስባቸው ያ የእኩልነት ሕግ የሰጣቸው ጥበቃም እንዳለ ነው። የተለወጠው ለሴቶች ብቻ የተለዩ አገልግሎቶች ውስጥ ማን ይገባል የሚለው ነው፤ በሰው ኑሮ ላይ የሚያሳድረው ጫና ከባድ መሆኑን ግን አልክድም።

በአሜሪካ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የወጣው፣ መንግሥት ወንድና ሴት የሚሉ ሁለት ጾታዎችን ብቻ ያውቃል የሚለው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ እንደ ፓስፖርት ያሉ ሰነዶችን ይነካል፤ ትእዛዝ ስለሆነ በሚቀጥለው ፕሬዚዳንት በአንድ ፊርማ ሊነሣ ይችላል። ጁን 18 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ቴኔሲ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የጾታ ሽግግር ሕክምና መከልከሏን አጸና፤ ይህ በመላው አገር አልከለከለም፣ ክልሎች እንዲወስኑ ተወ። የጋብቻው ጉዳይ ደግሞ ሁለት ምሰሶ አለው፦ የ2015ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ እና የዲሴምበር 2022ቱ የኮንግረስ ሕግ። የመጀመሪያው ቢወድቅ ሁለተኛው የሚያስገድደው አንዱ ክልል በሌላው ክልል የተፈጸመን ጋብቻ እንዲያውቅ እንጂ ራሱ እንዲያጋባ አይደለም። ያኔ ጥንዶች ሌላ ክልል ሄደው ተጋብተው መመለስ ይኖርባቸዋል ማለት ነው።

ድንበር መሻገር ላይ ከሁሉ አዲስ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኖቬምበር 25 ቀን 2025 የሰጠው ውሳኔ ነው። ሁለት ወንዶች በ2018 በርሊን ተጋብተው የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው በፖላንድ መዝገብ እንዲሰፍር ጠየቁ፤ መዝገብ ቤቱ እምቢ አለ። ፍርድ ቤቱ ፖላንድ በራሷ ምድር እንድታጋባ አልተገደደችም አለ፤ ነገር ግን ዜጎች የመዘዋወር መብታቸውን ተጠቅመው በሌላ አባል አገር የመሠረቱትን ጋብቻ ማወቅ አለባት፤ ለዚያም ያላት መንገድ መዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ ከሆነ ለሁሉም እኩል ታድርገው ብሏል። ከዚህ በፊት የነበረው የ2018 ውሳኔ ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ይህኛው ስፋቱ ከዚያ ያልፋል። ለሚመለከታቸው ጥንዶች በተግባር የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ከተጋቡበት አገር የክብር መዝገብ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን በብዙ ቋንቋ ከተዘጋጀው የኅብረቱ ቅጽ ጋር አብረው ያውጡ፤ በአባል አገሮች መካከል ከ2019 ወዲህ አፖስቲል (ሰነድ በውጭ አገር እንዲታመን የሚደረግ ማረጋገጫ) አይጠየቅም፣ ቅጹም አብዛኛውን ጊዜ የትርጉም ወጪ ያስቀራል። ማመልከቻውን በጽሑፍ ያስገቡ፣ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያስመቱ። እምቢታውም በጽሑፍ ይሁን። በቃል የተባለን «አይቻልም» ይዞ ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ የበርሊኖቹም ጥንዶች ጉዳይ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ያለበት ሉክሰምበርግ የደረሰው የተጻፈ እምቢታ በእጃቸው ስለነበረ ነው።